በማሽን ከተቆረጠ እጅ እስከ ዋሽንግተን፦ የፍራንሲስ ፐርኪንስ ሕይወት

ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ተሳፍሮ ወደ መሐል ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ ጁዲሺያሪ ስኩዌር ጣቢያ ላይ ወርዶ ጥቂት ቢራመድ፣ ከካፒቶል ኮረብታ ግርጌ በኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ የተንጣለለ ግዙፍ ሕንጻ ያገኛል። የዩናይትድ ስቴትስ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከ1980 ዓመተ ምህረት ጀምሮ ሕንጻው የሚጠራው በአንዲት ሴት ስም ነው፤ በፍራንሲስ ፐርኪንስ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፐርኪንስ በአሜሪካ ታሪክ የካቢኔ ሚኒስትር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከ1933 እስከ 1945 ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት በሥልጣን ላይ በመቆየታቸው፣ በሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትርነት እንደ እርሳቸው ረጅም ዘመን ያገለገለ የለም። ስማቸው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የጡረታ ሥርዓት ነው። የሕዝብ አገልግሎት ሕይወታቸው የተጀመረው ግን በጡረታ ጉዳይ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ የተቆረጠ እጅ አለ።

ነገሩ የሆነው ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኘው ዉስተር ከተማ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። ፐርኪንስ ኮሌጅ ጨርሰው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰዋል፤ በትርፍ ጊዜያቸው ለፋብሪካ ሠራተኛ ልጃገረዶች የተቋቋመ የማታ ማኅበር ይመራሉ። ከልጃገረዶቹ አንዷ በከረሜላ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ እጇን ቆረጠው። ቁስሉ ታሰረላትና ወደ ቤቷ ተሸኘች። ካሳ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንዲከፈል የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም። ወጣቷ ፐርኪንስ ነገሩን ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም፤ ጉዳዩን ይዘው ተነሡ፤ ሰው አስቸገሩ። ከብዙ ግፊት በኋላ አሠሪው መቶ ዶላር ከፈለ። ለቀሪ ዘመኗ በአንድ እጅ ለምትኖር ልጅ የተሰጠው ይኸው ነበር፤ ያውም በልመና የተገኘ።

ያን ጊዜ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የነበረውን አሠራር ለማያውቅ ሰው ይህ የአንድ ክፉ አሠሪ ታሪክ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የልጅቱ አሠሪ ሕግ አልጣሰም። እጁን ያጣ ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት ፍርድ ቤት ቆሞ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት። አሠሪው ደግሞ ሦስት መከላከያዎች ነበሩት። ሠራተኛው ራሱ በጥቂቱም ቢሆን ተዘናግቶ ነበር ቢል ይረታል። ሠራተኛው ሥራው አደገኛ መሆኑን እያወቀ ገብቶበታል ቢል ይረታል። ማሽኑን ያስነሣው ሌላ ሠራተኛ ነው ቢልም ይረታል። ሦስቱም ባንድነት ሲታዩ፣ ማሽን ሲያጸዳ ወይም ሲጠግን ለተጎዳ ሰው የተረፈ ቀዳዳ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አንዱ እጁን አስገብቶ ሳለ ሌላው ሳያውቅ ሲያስነሣ ነው።

በዚያን ዘመን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ማቆም ራሱ ቀላል አልነበረም። አንድ የእንፋሎት ሞተር በጣራው ሥር ተዘርግቶ የሚሽከረከር ረጅም ዘንግ ያንቀሳቅሳል፤ ከዘንጉ ላይ ቺንጋዎች እየወረዱ እያንዳንዱን ማሽን ይነዳሉ። ሞተሩ ከቆመ መላው አዳራሽ ይቆማል። ስለዚህ ቅባት መቀባት፣ ቃጫና ብናኝ መጥረግ፣ የወለቀ ቺንጋ መመለስ የሚከናወነው ማሽኑ እየዞረ ነበር። ጥርሶቹን የሚሸፍን መከለያ ቢኖር እንኳ ለጥገና ሲባል መነሣቱ አይቀርም፤ ተነሥቶም ሳይመለስ ይቀራል። በልብስ ማጠቢያ ቤቶች አንሶላ የሚተኩሱት የጋሉ ሮለሮች ከጨርቁ ጋር ጣትን፣ ከጣት ጋር እጅን ስበው ያስገቡ ነበር። በሥራ ሰዓት ከሚደርሰው አደጋ ይልቅ በጽዳትና በጥገና ሰዓት የሚደርሰው የከፋ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሥራ ሰዓት እጅ ከማሽኑ ውጭ ነው፣ በጥገና ሰዓት ግን ውስጥ ነው።

ፍራንሲስ ፐርኪንስ በቦስተን ከተማ ሚያዝያ 10 ቀን 1880 ተወለዱ፤ ያደጉት ዉስተር ነው። የቤተሰባቸው ጥንታዊ መኖሪያ ሜይን ግዛት ውስጥ ኒውካስል በተባለች ቦታ ነበር፤ አያቶቻቸው በዚያ ጡብ ያመርቱ ነበር። ማውንት ሆልዮክ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ ዋና ትምህርታቸው ፊዚክስ ነበር፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂም ተምረዋል። ለሕይወታቸው አቅጣጫ የሰጠው ግን የአሜሪካ የኢኮኖሚ ታሪክ መምህራቸው ያዘዙት ሥራ ሆነ። መምህሯ ተማሪዎቻቸውን በአቅራቢያው ወደነበሩት ፋብሪካዎች ሄደው የሥራውን ሁኔታ እንዲያዩ ላኳቸው። ወጣቷ ተማሪ ድኽነት የስንፍናና የመጠጥ ውጤት ነው እየተባለ ሲነገር በሰማ ቤት ያደጉ ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ያዩት ሌላ ነው፤ ታታሪ ሰው በአንድ አደጋ ብቻ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ልመና ይወርዳል። ይህን ያስተዋለች የፊዚክስ ተማሪ መሆኗ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም፤ ፐርኪንስ እስከ መጨረሻው አደጋን የሚመለከቱት እንደ ዕጣ ፈንታ ሳይሆን መንስኤው ሊመረመር እንደሚችል ክስተት ነው።

ኮሌጅ ከጨረሱ በኋላ ጥቂት ዓመታት አስተማሩ። በቺካጎ አቅራቢያ ሲያስተምሩ ሀል ሃውስ በተባለው የስደተኞችና የድኾች መረዳጃ ማዕከል ያገለግሉ ነበር። ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው በ1910 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ያዙ፤ የሸማቾች ሊግ የተባለው ማኅበር የኒው ዮርክ ጸሐፊም ሆኑ። ሥራቸው ምድር ቤት ውስጥ የሚገኙ ዳቦ ቤቶችን እየዞሩ መመርመርን ይጨምር ነበር።

በ1911 የመጋቢት ወር ሁለት ነገሮች በተከታታይ ቀን ደረሱ። መጋቢት 24 ቀን የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ለተጎዱ ሠራተኞች ካሳ እንዲከፈል ከአንድ ዓመት በፊት የወጣውን ሕግ ሻረው፤ ምክንያቱም ጥፋት ሳይገኝበት አሠሪን ክፈል ማለት ንብረቱን ያለ አግባብ መንጠቅ ነው የሚል ነበር። በማግስቱ፣ ቅዳሜ መጋቢት 25 ቀን፣ ትራያንግል የተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፐርኪንስ በዚያ ሰዓት ዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ ባለ ወዳጅ ቤት ሻይ ሊጠጡ ተቀምጠው ነበር። ጩኸት ሰምተው ሮጡ። ሲደርሱ ልጃገረዶች ከሕንጻው ከፍታ ላይ ራሳቸውን ሲወረውሩ አዩ። ከዘጠነኛው ፎቅ መውጫዎች አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ፐርኪንስ በኋለኛው ዘመናቸው፣ ሩዝቬልት ኒው ዲል ብለው የጠሩት የለውጥ ዘመን የተጀመረው በዚያች ቀን እንደነበር ይናገሩ ነበር።

ከቃጠሎው በኋላ ግዛቱ የፋብሪካዎች መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው የግዛቱ ሴናተር ሮበርት ዋግነር፣ ምክትላቸው አል ስሚዝ ነበሩ። ፐርኪንስ በመርማሪነትና በባለሙያ ምስክርነት ሠሩ፤ አሠራራቸው ግን ከሪፖርት የዘለለ ነበር። ፖለቲከኞቹን ይዘው ፋብሪካ ለፋብሪካ አዞሩ። አል ስሚዝ የገመድ ፋብሪካ ሴቶች ከሌሊት ፈረቃ ደክመው ሲወጡ በዓይናቸው እንዲያዩ አደረጉ። ዋግነርን ደግሞ የእሳት ማምለጫ ተብሎ በተሰየመ ጠባብ ቀዳዳ አሾልከው አስወጧቸው፤ ከቀዳዳው ውጭ የጠበቃቸው በበረዶ የተለበጠ፣ መሬት ሳይደርስ የሚያልቅ መሰላል ነበር። የኮሚሽኑ ሥልጣን ከእሳት አልፎ ወደ ማሽን መከለያ፣ ወደ መርዝ፣ ወደ ሕፃናት ሥራ ሰፋ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የኒው ዮርክ የፋብሪካ ሕግ እንደገና ተጻፈ። ዋግነርም ስሚዝም ያዩትን ቀዳዳና መሰላል አልረሱም፤ አንዱ የአሜሪካ ሴናተር፣ ሌላው የኒው ዮርክ አስተዳዳሪ ሲሆኑ የፐርኪንስ አጋሮች ሆነው ቀሩ።

የካሳው ነገርም በዚያው አልቀረም። ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ስለጠቀሰ፣ የኒው ዮርክ ሕዝብ በ1913 ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ፤ በ1914 አዲሱ የካሳ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። አዲሱ ሕግ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ሠራተኛው በሥራ ላይ ከተጎዳ ይከፈለዋል። የሚከፈለው ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛው ሲሆን፣ ለስንት ሳምንት እንደሆነ በሰንጠረዥ ተቀመጠ። ለእጅ 244 ሳምንት። ለጠቋሚ ጣት 46። ለትንሿ ጣት 15። የሰውን አካል በሳምንት መተመን ቀፋፊ ነገር ነው። ነገር ግን በዉስተር የነበረችው ልጅ ይህ ሰንጠረዥ ቢኖር ኖሮ መቶ ዶላሯን በልመና አትቀበልም ነበር። ሰንጠረዡ ሌላም ያልታሰበ ውጤት ነበረው፦ አሠሪው የካሳ መድን መግዛት ስላለበት፣ አደጋ የበዛበት ፋብሪካ ብዙ ዓረቦን ይከፍላል። የማሽን መከለያ ርካሽ መስሎ የታየው ያኔ ነው።

በ1919 አል ስሚዝ አስተዳዳሪ ሲሆኑ ፐርኪንስን የግዛቱ የኢንዱስትሪ ኮሚሽን አባል አድርገው ሾሟቸው፤ ደመወዛቸው በዓመት 8,000 ዶላር ነበር። በ1926 የኢንዱስትሪ ቦርዱ ሰብሳቢ፣ በ1929 ደግሞ በፍራንክሊን ሩዝቬልት ሹመት የግዛቱ የኢንዱስትሪ ኮሚሽነር ሆኑ። በእነዚህ ዓመታት የሥራቸው ትልቅ ክፍል የካሳ ጉዳዮችን መስማት ነበር። ጣቱን፣ እጁን፣ ዓይኑን ያጣ ሰው ፊታቸው ቆሞ እንዴት እንደደረሰበት ይናገራል። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ታሪኮቹ ይመሳሰላሉ። ማሽኑ ተይዞ ነበር፣ ሊያስለቅቅ እጁን ሰደደ፤ መከለያው ለጽዳት ወልቆ ነበር፤ ሌላው ሰው አላየውም ነበር። ሰው ተዘናጋ ብሎ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነው። ያው መዘናጋት በያንዳንዱ ፋብሪካ፣ በያንዳንዱ ዓመት፣ በዚያው ማሽን ላይ የሚደገም ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ ማሽኑና ወደ አሠራሩ ይዞራል። ፐርኪንስ ጥያቄውን አዞሩት።

የግል ሕይወታቸው ከባድ ነበር። በ1913 የኢኮኖሚ ባለሙያውን ፖል ዊልሰንን አገቡ፤ የራሳቸውን ስም ግን አልቀየሩም፤ ለዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። በ1916 ሱዛና የተባለች ልጅ ወለዱ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው በአእምሮ ሕመም ተያዙ፤ በየጊዜው ሐኪም ቤት ይገቡ ነበር። የቤተሰቡ እንጀራ በእርሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ይህን ለጋዜጠኞች አይናገሩም ነበር፤ ዋሽንግተን ውስጥ ቀዝቃዛና ግትር የሚል ስም የወጣላቸው በከፊል በዚህ ዝምታቸው ነው።

ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ በ1933 መጀመሪያ ፐርኪንስን ወደ ቤታቸው ጠርተው የሚኒስትርነቱን ሹመት አቀረቡላቸው። ፐርኪንስ ወዲያው እሺ አላሉም። መሥራት የሚፈልጉትን ዘርዝረው አቀረቡ፦ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሥራ አጥነት መድን፣ የእርጅና ጡረታ፣ የሕፃናት ሥራ እገዳ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ የጤና መድን። ፕሬዚዳንቱ ካልተስማሙ ሹመቱ ይቅር አሉ። ከጤና መድን በቀር ከዝርዝሩ አብዛኛው በሕይወት ዘመናቸው ተፈጸመ። አንድ ሹም ሥራውን ከመያዙ በፊት እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዞ መቅረቡ በየትም አገር ያልተለመደ ነው።

በዋሽንግተን የጠበቃቸው መሥሪያ ቤት የኢሚግሬሽን ጉዳይንም ይይዝ ነበር። ስደተኞችን በማስፈራራትና ገንዘብ በመቀበል ስሙ የጠፋውን የመሥሪያ ቤቱን ልዩ አሳዳጅ ቡድን ፐርኪንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት በተኑት። በኋላም ከናዚ ጀርመን ለሚሸሹ ሰዎች በር እንዲከፈት ከሌሎች የመንግሥት ክፍሎች ጋር ታገሉ። ኢሚግሬሽን ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር የተዛወረው በ1940 ነው።

የፋብሪካ ደህንነትን በተመለከተ ግን እጃቸው ታስሮ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ፋብሪካን የመቆጣጠር ሥልጣን የየግዛቱ እንጂ የማዕከላዊው መንግሥት አይደለም ተብሎ ይታመን ነበር። አንዳንዱ ግዛት ጠንካራ ሕግ ሲኖረው፣ ሌላው ተቆጣጣሪ እንኳ አልነበረውም። ፐርኪንስ ዙሪያ መንገድ ፈለጉ። በ1934 የሥራ ደረጃዎች ክፍል የተባለ ትንሽ ቢሮ አቋቋሙ፤ ቨርን ዚመር ኃላፊ፣ ክላራ ባየር ምክትል ሆኑ። ቢሮው ማንንም አያዝም፤ ለየግዛቱ ሞዴል ሕግ ያዘጋጃል፣ ተቆጣጣሪዎችን ያሠለጥናል፣ ባለሙያዎችን ያገናኛል። በዚያው ዓመት ዩናይትድ ስቴትስ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል እንድትሆን አደረጉ። በዚህ በኩል ኢትዮጵያ ትቀድማለች፤ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1923 ነው።

ሁለተኛው ዙሪያ መንገድ የመንግሥት ገንዘብ ነበር። በ1936 የወጣው ዋልሽና ሄሊ የተባለው ሕግ ከ10,000 ዶላር በላይ ዕቃ ለመንግሥት የሚያቀርብ ፋብሪካ ሠራተኞቹን በአደገኛ ሁኔታ እንዳያሠራ አስገደደ። ሦስተኛው በ1938 የወጣው የፍትሐዊ የሥራ ደረጃዎች ሕግ ነው። ይህ ሕግ በሰፊው የሚታወቀው በሰዓት 25 ሳንቲም ብሎ በጀመረው ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። በውስጡ ግን ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አደገኛ ተብለው በሚሰየሙ ሥራዎች እንዳይሰማሩ የሚከለክል አንቀጽ ነበረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1941 ሕጉን ካጸደቀ በኋላ በሞተር የሚሠሩ የእንጨት ሥራ ማሽኖች አደገኛ ተባሉ። የተከለከለው ማሽኑን መንዳት ብቻ አልነበረም፤ ማስተካከል፣ መጠገን፣ ቅባት መቀባትና ማጽዳትም ተከለከለ። ይህ ቃል በቃል መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት ልጆች ወደ ማሽኑ ሥር የሚላኩት አይነዱም፣ ያጸዳሉ እንጂ እየተባለ ነበር። በኋላ በወጡት ደንቦች ተመሳሳይ ቃል የብረት መቁረጫዎችን፣ የሥጋ መፍጫዎችንና የዳቦ ቤት ማሽኖችን ሸፈነ።

የነዚህ ሕጎች ጉድለት መታለፍ የለበትም። የእርሻና የቤት ሠራተኞች ከሶሻል ሴኩሪቲም ከዝቅተኛ ደመወዙም ውጭ ተደረጉ፤ ይህም አብዛኞቹን የደቡብ ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች ከጥበቃው አስቀረ። ፐርኪንስ ድሮም በኒው ዮርክ ለሴቶች የሥራ ሰዓት ገደብ ሲታገሉ፣ የጣሳ ምግብ ፋብሪካዎች ነጻ ይሁኑ ሲባል ተስማምተው ሕጉን ያስጸደቁ ሰው ናቸው። ከምንም የተወሰነው ይሻላል የሚል ስሌት ነበራቸው። ስሌቱ ብዙ ሕግ አስገኝቷል፤ ውጭ ለቀሩት ግን ተራቸው እስኪደርስ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል።

በ1939 ተቃዋሚዎቻቸው ከሥልጣን ለማስወገድ በኮንግረስ የክስ ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያቱ ሃሪ ብሪጅስ የተባሉትን የወደብ ሠራተኞች መሪ ከአገር አላስወጡም የሚል ነበር። ኮሚቴው መርምሮ ክሱን ጣለው፤ ውርደቱ ግን ከልባቸው አልጠፋም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ዛሬ ጎብኚ የሚያጥለቀልቀው የአሌክሳንድሪያ የወንዝ ዳርቻ በነዚያ ዓመታት የቶርፔዶ ፋብሪካ ነበር። ግንባታው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ ኅዳር 12 ቀን 1918 ተጀምሮ፣ በሁለተኛው ጦርነት ማርክ 14 የተባለ የባሕር ሰርጓጅ ቶርፔዶ ተሠርቶበታል፤ አሁን የሠዓሊዎች ማዕከል ነው። በመላ አገሪቱ እንደዚህ ያሉ አዳራሾች ማሽን ነክተው በማያውቁ ሰዎች ተሞሉ፤ ምርት ለአንድ ሰዓት እንኳ እንዳይቋረጥ ግፊት ነበረ፤ ግፊቱ ደግሞ ማሽን ሳይቆም ወደ መጠገን ይመራል። ፐርኪንስ ይህን ቀድመው በማየት አሜሪካ ጦርነት ከመግባቷ በፊት፣ በ1940፣ በመከላከያ ኢንዱስትሪዎች የሰው ኃይል ጥበቃ ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከኢንዱስትሪ የመጡ የደህንነት መሐንዲሶች ወደ ፋብሪካዎች እየሄዱ ይመክሩ ነበር። አሁንም የማዘዝ ሥልጣን የለም፤ ምክር ብቻ።

ሩዝቬልት ከሞቱ በኋላ፣ በ1945፣ ፐርኪንስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በማግስቱ ዓመት ስለ ሩዝቬልት የጻፉት መጽሐፍ ታተመ፤ እስከ 1953 ድረስም የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን አባል ሆነው በዋሽንግተን አገለገሉ። በመጨረሻ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ፤ ሰማንያ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከወጣት ተማሪዎች ጋር በአንድ የተማሪዎች ቤት ይኖሩ ነበር። ግንቦት 14 ቀን 1965 በ85 ዓመታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ አረፉ፤ ኒውካስል ተቀበሩ። የኒውካስሉ ቤት በታኅሣሥ 2024 ብሔራዊ ሐውልት ተብሎ ተሰይሟል።

ምክር ብቻ ይሰጥ የነበረው ሥራ የማዘዝ ሥልጣን ያገኘው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1970 መጨረሻ የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ሕግ ተፈረመ፤ በሕጉ መሠረት የተቋቋመውና ኦሻ በሚል ስም የሚታወቀው መሥሪያ ቤት ሥራውን በ1971 ጀመረ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፐርኪንስ ስም በተጠራው ሕንጻ ውስጥ ነው። በጥገና ሰዓት ስለሚደርስ አደጋ የወጣው ደንብ ደግሞ በ1989 ታወጀ፣ በ1990 ሥራ ላይ ዋለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑን የሚጠግን ወይም ውስጡን የሚያጸዳ ሰው አስቀድሞ ኃይሉን ያቋርጣል፤ በመቆጣጠሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ስሙ ያለበት ምልክት ያንጠለጥላል፤ ቁልፉን ራሱ ይይዛል። በውስጡ የቀረ እንፋሎት፣ የታመቀ አየር ወይም የተወጠረ ሞላ ካለ ያስተነፍሳል። ከዚያም ማስነሻውን ሞክሮ አለመነሣቱን ያረጋግጣል። እጁን የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሰዎች ከሠሩ ሁለት ጓጉንቸር ይኖራል። በሶኬት ለሚሠራ የሊጥ ማቡኪያ ወይም የሥጋ መፍጫ ሶኬቱን ነቅሎ፣ የሚያጸዳው ሰው በራሱ ቁጥጥር ሥር ማቆየቱ ይበቃል። ኦሻ ይህ ደንብ ሲከበር በዓመት 120 ሞትና 50,000 ጉዳት እንደሚያስቀር ይገምታል።

የዚህን ደንብ አፈጻጸም በሲልቨር ስፕሪንግ የሚቆጣጠረው የሜሪላንድ ግዛት ነው፤ በአሌክሳንድሪያ የቨርጂኒያ ግዛት፣ በዋሽንግተን የግል ድርጅቶች ደግሞ ኦሻ ራሱ። በ2010 በወጣው የኦሻ መመሪያ መሠረት ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት፤ ሰውየው እንግሊዝኛ ካልገባው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ መፈረሙ እንደ ሥልጠና አይቆጠርም። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ፣ በዳቦ ቤት፣ በሆስፒታል ወጥ ቤት ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህ አንቀጽ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ቅርብ ነው።

ካሳውን በተመለከተ ግን ፐርኪንስ ወጣት ሳሉ የነበረው መከፋፈል አልጠፋም። የኒው ዮርኩ ሰንጠረዥ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ለእጅ የሚከፍለው ዛሬም 244 ሳምንት ነው፤ የዋሽንግተን ዲሲ ሕግም ያንኑ 244 ሳምንት ይዟል። የሜሪላንድ ሕግ 250 ሳምንት ይላል፤ የቨርጂኒያ ሕግ 150። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ መካከል፣ በአንድ እጅ ላይ፣ የመቶ ሳምንት ልዩነት አለ።